ሦስት ሰዓት ተኩል፣ በማን ሰዓት? ስትሮክ፣ ደቂቃና የእኛ ቤት

ስልኬ ላይ እስከ ዛሬ ያልሰረዝኩት አንድ ጥሪ አለ። እሑድ ማታ፣ በአሜሪካ ሰዓት 9፡41፣ በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ41። የቆየው ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ብቻ ነው።

የደወሉት እዚሁ ቨርጂኒያ የሚኖሩት የአጎቴ ባለቤት ናቸው። «ልጄ፣ አጎትህ ቡና እየጠጣ ሲኒው ከእጁ ወደቀ። ቀኝ እጄን ደነዘዘኝ ይላል። ንግግሩም ትንሽ ተንተባተበብኝ። ምን ይሻላል?» አሉኝ። አጎቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ሹፌር ናቸው፤ ያን ቀን ከጎህ ጀምሮ ሲነዱ ነው የዋሉት። እኔም ነገሩን ቀለል አድርጌ «እትዬ፣ ደክሟቸው ይሆናል። ይተኙና ጠዋት እናየዋለን» አልኩ።

ይህን ያልኩት ማን መሰላችሁ? ሆስፒታል ውስጥ የሲቲ ስካን ማሽን የማንቀሳቀሰው እኔ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ስትሮክ የመታው ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። በየሳምንቱ ነርሶች ቃሬዛ እየገፉ ሲሮጡ አያለሁ። ደቂቃ ሲቆጠር አያለሁ። በሥራ ቦታዬ ከማንም እኩል የማሯሯጥ ሰው፣ የገዛ አጎቴ ጉዳይ ሲሆን «ይተኙ» አልኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ አይደለም፤ ወቀሳውንማ ጨርሻለሁ። የምጽፈው ባለፉት 30 ዓመታት የስትሮክ ሕክምና የደረሰበትን ደረጃና እኛ ቤት ውስጥ የቀረነውን ርቀት ጎን ለጎን ማየት ስላለብን ነው።

ምን ተለወጠ?

ስትሮክ ማለት በአጭሩ የአንጎል ክፍል ድንገት ደም ማጣት ነው። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ የሚመጣው ነው። ሁለተኛው የደም ሥር ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ሲፈስ ነው። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ፊት ይጣመማል፣ እጅ ይዝላል፣ ምላስ ይተሳሰራል። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ለተዘጋው የሚሰጠውን የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ደም ለሚፈስሰው ሰው ቢሰጡት ሊገድለው ይችላል። ሁሉም ነገር ከመጀመሩ በፊት እኔ ዘንድ የሚመጡት ለዚህ ነው። የፈሰሰ ደም ሲቲ ላይ ወዲያው ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የተዘጋው ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጤነኛ ሊመስል ይችላል።

ከ30 ዓመት በፊት ስትሮክ የመታው ሰው ሆስፒታል ቢደርስም ባይደርስም ልዩነቱ ብዙ አልነበረም። አልጋ ይሰጠዋል፣ ይጠበቃል፣ እግዜር ያለው ይሆናል። ይህ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አልቴፕሌዝ የተባለው የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሕመሙ በጀመረ 3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ፣ በሦስት ወር ውስጥ ያለ ጉዳት ወይም በጥቂት ጉዳት ብቻ የመዳን ዕድልን ቢያንስ በ30 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አንድ የአሜሪካ ጥናት አሳየ። በዓመቱ መድኃኒቱ ለስትሮክ ተፈቀደ። በ2008 ደግሞ የአውሮፓ ሐኪሞች ጊዜውን ወደ 4 ሰዓት ተኩል አራዘሙት።

ችግሩ መድኃኒቱ ትልቁን የደም ሥር የዘጋውን ትልቅ ጓል ብዙ ጊዜ አለማሸነፉ ነበር። ለዚህ መልስ የመጣው በ2015 ነው። ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ተነስቶ በደም ሥር ውስጥ እስከ አንጎል የሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ጫፉ ላይ ባለ መረብ መሰል ሽቦ ወይም በመሳብ ኃይል የረጋው ደም ተይዞ ይወጣል። የኔዘርላንድስ ሐኪሞች ያደረጉት ጥናት ውጤት ሲወጣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የካናዳ፣ የአውስትራሊያ፣ የአሜሪካና የስፔን ጥናቶች ተከተሉ። ሁሉም አንድ ነገር ተናገሩ። አምስቱ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰው ሲታከም አንዱ የአካል ጉዳቱ ቢያንስ በአንድ ደረጃ ይቀንሳል። ሕክምና ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር በየቀኑ አይገኝም።

በ2018 ደግሞ «ጊዜ አልፎበታል» የሚባለው ሰው ሁሉ ጊዜ እንዳላለፈበት ታወቀ። ዶውን የተባለው ጥናት ከታመሙ ከ6 እስከ 24 ሰዓት የሆናቸውን ሰዎች ወሰደ። ሁሉንም ግን አይደለም። የአንጎላቸው የደም ዝውውር ምስል ታይቶ፣ ገና ያልሞተና ሊተርፍ የሚችል ክፍል ያላቸውን መረጠ። ከእነሱ መካከል ጓሉ ከወጣላቸው 100 ሰዎች 49ኙ በሦስት ወር ራሳቸውን ችለው መኖር ቻሉ፤ ካልወጣላቸው ግን 13 ብቻ። አጎቴን ያተረፋቸው ይህ ጥናት ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

መድኃኒቱም ራሱ ተሻሻለ። አልቴፕሌዝ አንድ ሰዓት ሙሉ በደም ሥር የሚንጠባጠብ ነው። ተተኪው ቴኔክቴፕሌዝ በአንድ መርፌ፣ በሰከንዶች ውስጥ ተሰጥቶ ያልቃል፤ አሜሪካ ውስጥ ለስትሮክ የተፈቀደው በመጋቢት 2025 ነው። ትንሽ ሆስፒታል መርፌውን ሰጥቶ በሽተኛውን ወዲያው ወደ ትልቁ ሆስፒታል መላክ ይችላል ማለት ነው። በጀርመን ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ሲቲ ስካን የተጫነበት አምቡላንስ በሽተኛው ደጃፍ ድረስ መሄድ ጀመረ፤ ዛሬ በአሜሪካ አንዳንድ ከተሞችም ይታያል።

ሄልሲንኪ ምን አደረገች?

ከዚህ ሁሉ እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን መሣሪያው አይደለም። በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ በ1998 አንድ በሽተኛ ከሆስፒታሉ በር ገብቶ መርፌው እስኪወጋ 105 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። በ2011 ግን 20 ደቂቃ ሆነ። አዲስ ማሽን ስለገዙ አይደለም። አምቡላንሱ ከመንገድ ላይ እያለ ለስትሮክ ሐኪሙ ይደውላል። የበሽተኛው ታሪክ ቀድሞ ይታያል። በሽተኛው ሲደርስ አልጋ ሳይቀየርለት በአምቡላንሱ ቃሬዛ በቀጥታ ወደ ሲቲ ክፍል ይገባል። መድኃኒቱም እዚያው ሲቲው ጠረጴዛ ላይ ይሰጠዋል። በቃ። አንድ በአንድ ደቂቃ እየለቀሙ 85 ደቂቃ አተረፉ።

ለምን እንዲህ ደከሙ? ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋስ እንደሚሞት ጄፍሪ ሴቨር የተባሉት የሎስ አንጀለስ የነርቭ ሐኪም በ2006 አስልተዋል። ሐኪሞቹ ከራሳቸው በኩል ያለውን ደቂቃ እየቀነሱ መጥተዋል። የቀረው ደቂቃ ከሆስፒታሉ በር በፊት ያለው ነው። እሱ ደግሞ በእኛ እጅ ነው።

የማን ሰዓት?

ወደ አጎቴ ልመለስ። ሰኞ ጠዋት 6 ሰዓት፣ በእኛ 12 ሰዓት ሲነጋ፣ እትዬ ሊቀሰቅሷቸው ሲሉ አጎቴ ቃል ማውጣት አቃታቸው። ቀኝ ጎናቸው እንደ በድን ሆኗል። እኔ ዘንድ ደወሉ፤ በዚህኛው ጊዜ «911 ደውሉ! አሁኑኑ!» ብዬ ጮህኩ።

ሆስፒታል ስደርስ (እኔ የምሠራበት አይደለም) ነገሩ በፍጥነት እየሄደ ነበር። ሲቲው ተነስቷል፤ ደም አልፈሰሰም። መርፌው እየተዘጋጀ ነው። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞር ብላ ለማረጋገጥ ያህል ጠየቀችኝ፦ «ጠዋት 3፡30 ላይ እንደጀመራቸው ነው የተነገረን፤ ልክ ነው?»

ሰውነቴ ቀዘቀዘ። እትዬ ለአምቡላንስ ሠራተኞቹ የነገሯቸው «ስሪ ሰርቲ» ብለው ነው። 22 ዓመት አሜሪካ ኖረዋል፤ የሥራ ሰዓታቸውን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥሩት። በዚያ ድንጋጤ ግን ሰዓቱን በእንግሊዝኛ ተናገሩት እንጂ ያሰቡት በአማርኛ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ማለታቸው ነበር፤ በፈረንጅ 9 ሰዓት ተኩል፣ ያውም ከሌሊቱ በፊት። ወረቀቱ ላይ ግን የሌሊት 3፡30 ተብሎ ሰፈረ። በወረቀቱ ከሄድን ከታመሙ 3 ሰዓት ብዙም አላለፈም፤ መርፌው ይሰጣል። በእውነቱ ከሄድን 9 ሰዓት አልፏል፤ በዚያ ሰዓት ያለ ተጨማሪ ምርመራ መርፌውን መስጠት የሞተው የአንጎል ክፍል ውስጥ ደም እንዲፈስ በር መክፈት ነው።

ስልኬን አውጥቼ ያንን ጥሪ አሳየኋት። 9፡41 ፒኤም። ያሳፈረኝ ጥሪ ያን ጠዋት ማስረጃ ሆነ።

መርፌው ቀረ። በምትኩ የደም ዝውውሩን የሚያሳየው ምስል ተነሳ። ግራ አንጎላቸው ላይ ዋናው የደም ሥር ተዘግቷል፤ ገና ያልሞተ ሰፊ ክፍል ግን አለ። ወዲያው ወደ ቱቦው ሕክምና ወሰዷቸው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሐኪሟ ወጥታ ጓሉን በፎቶ አሳየችን። የሩዝ ፍሬ ያህል ቢሆን ነው። እትዬ አይተው «ይቺ ናት?» አሉ፤ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

አጎቴ ዛሬ ይራመዳሉ። ቀኝ እጃቸው ግን መሪ አይጨብጥም፤ ንግግራቸውም ይጎትታል። በዚያች እሑድ ማታ እኔ «911 ደውሉ» ብዬ ቢሆን ኖሮ መርፌውም ቱቦውም በጊዜው ይደርስ ነበር። ዛሬ እየነዱ ይሆን ነበር ብዬ መማል አልችልም። ዕድሉ ግን የተሻለ ነበር። ያንን ዕድል የወሰደባቸው መድኃኒት ማጣት ወይም ሆስፒታል መራቅ አይደለም። ሆስፒታሉ በመኪና የ15 ደቂቃ መንገድ ነው።

ለምን እንዘገያለን?

ይህን ታሪክ ለማውቃቸው ሰዎች ሳወራ፣ እያንዳንዱ የራሱን ያወራኛል። አንዱ «ምች መታው ብለን ዳማከሴ አሸተትነው» ይላል። አንዷ «ጠበል ረጭተን እስኪነጋ ጠበቅን» ትላለች። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ጠበሉን ይዞ አምቡላንስ ውስጥ መግባት ግን ይቻላል፤ የከለከለ የለም።

ሌላው ልማዳችን የስልክ ጉባኤ ነው። አንድ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የምንደውለው ለአምቡላንስ አይደለም፤ «ሐኪም ቤት ለሚሠራው» ዘመድ ነው። እኔ ያ ዘመድ ነኝ። በሁሉም ቤተሰብ ውስጥ አንድ አለ፤ ነርሱ፣ ፋርማሲስቷ፣ ላቦራቶሪው። ለእናንተ ለባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ በስልክ ስትሮክን ማየት አይቻልም። ሲቲ ስካን ያስፈለገው በዓይን እንኳ ስለማይለይ ነው። ስለዚህ መልሳችን አንድ ብቻ ይሁን፤ «ስልኩን ዝጉና አምቡላንስ ጥሩ፤ እኔ እዚያው እመጣለሁ።»

ገንዘብም አለ። «አምቡላንስ ስንት ያስከፍል ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ሰው እንደሚገድል እዚህ አገር ያለ ሁሉ ያውቃል። አሜሪካ ውስጥ ግን ከ1986 ጀምሮ ባለ ሕግ መሠረት ድንገተኛ ክፍል ኢንሹራንስም ሆነ የመኖሪያ ወረቀት ኖረህ አልኖረህ መርምሮ ማረጋጋት አለበት። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ደግሞ አቅም ለሌለው ሰው የሚሆን የእርዳታ ፖሊሲ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። ሂሳቡ ይመጣል፤ ይለመናል፣ ይቀነሳል፣ በየወሩ ይከፈላል። የሞተ የአንጎል ክፍል ግን በየወሩ አይከፈልም። በራስ መኪና መውሰድም ትርፍ የለውም፤ አምቡላንሱ ለሆስፒታሉ ቀድሞ ያሳውቃል፣ የስትሮክ ሕክምና ወዳለበት ቦታም ይወስዳል።

ቋንቋም አለ። የአሜሪካ አምቡላንስ ሠራተኞች ስትሮክን ለመለየት በሽተኛውን አንድ ዓረፍተ ነገር አስደግመው ያዳምጣሉ፤ የተለመደው አንዱ ስለ አሮጌ ውሻና አዲስ ብልሃት የሚናገር የእንግሊዝኛ ተረት ነው። እንግሊዝኛው ደከም ያለ አባት ሲያዘው ይህ ቋንቋ ይሁን ስትሮክ እንዴት ይለያል? ስለዚህ ቤት ውስጥ በአማርኛ እንሞክር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሉ ማለት ይበቃል። ይህን የማያውቅ አባት የለም። ከተንተባተበ፣ ቃል ከዋጠ ወይም ጨርሶ ካልመጣለት፣ ለሠራተኞቹ «በራሱ ቋንቋም ንግግሩ ተበላሽቷል» በሏቸው። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ለእነሱ ትልቅ መረጃ ነው። ሆስፒታል ውስጥም አስተርጓሚ ጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ማቀዝቀዣው በር ላይ የሚለጠፍ

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ፈገግ በል ሲሉት ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ። ሁለቱን እጆች አንሳ ሲሉት አንዱ ከወደቀ። ንግግሩ ከተበላሸ። በድንገት አንድ ዓይን ወይም ግማሽ እይታ ከጠፋ፣ ሚዛን ከሳተ፣ ወይም በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ከባድ ራስ ምታት ድንገት ከያዘው። ከእነዚህ አንዱ ይበቃል፤ ሁሉም እስኪሟሉ አትጠብቁ።

የአምቡላንስ ቁጥሩ እንደ አገሩ ይለያያል። አሜሪካና ካናዳ 911፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ ብሪታንያ 999፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 998። አገር ቤት የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ በዓረብኛ «ጀልጣ» የሚለውን ቃልም ያዙ፤ ስትሮክ ማለት ነው። ለራሳችሁም ለአሠሪያችሁ እናትም ይጠቅማል።

ሰዓቱን ጻፉ። «መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየው መቼ ነው?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። በፈረንጅ ሰዓት፣ ጠዋት ወይም ማታ ብላችሁ ለይታችሁ ተናገሩ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «ከእራት በኋላ፣ ዜና ሳይጀምር» በሉ፤ በሁለት ቋንቋ ከተምታታ ቁጥር ይሻላል። የሚወስደውን መድኃኒት፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን ካለ፣ ይዛችሁ ሂዱ።

አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ስኳር ውሃም፣ ወተትም፣ ቅቤም። ጉሮሮው ሊሠራ ስለማይችል ወደ ሳንባው ይገባል። አስፕሪንም አትስጡ። ስትሮኩ የመዘጋት ይሁን የመፍሰስ ገና አልታወቀም። የራሳችሁን የግፊት ክኒንም አታካፍሉ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ «ለቀቀው» የምንለው። እጁ ዝሎ፣ ንግግሩ ተሳስሮ፣ በግማሽ ሰዓት ድኖ ይነሳል። «ተመስገን» ብለን እንረሳዋለን። ይህ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ኦክስፎርድ ውስጥ በ2007 የወጣ ጥናት እንዲህ ያለ ነገር የገጠማቸውን ሰዎች ያየው በሁለት ዘመን ከፍሎ ነው። ሕክምናው ሲዘገይ በ90 ቀን ውስጥ ከ100 ሰው 10ሩን ያህል ስትሮክ ይመታቸው ነበር። በዚያው ቀን መርምሮ መድኃኒት ማስጀመር ሲጀመር ቁጥሩ ወደ 2 ወረደ። ስለዚህ የለቀቀውም ሰው በዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ከዚያስ በኋላ?

አጎቴ ከሆስፒታል ሲወጡ የመጣው ጠያቂ ሁሉ «አይዞዎት፣ ይተኙ፣ ያርፉ» ይላቸው ነበር። ከፍቅር ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ የምትለው ግን ተቃራኒውን ነው። አንጎል የጠፋውን መንገድ የሚተካው በድግግሞሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤክሳይት የተባለ ጥናት፣ ጥቂት እንቅስቃሴ የቀራቸው ሰዎች ጤነኛውን እጅ በጓንት አስረው ደካማውን ለሁለት ሳምንት በግድ ሲያሠሩ ጥቅሙ ከዓመት በኋላም እንደሚታይ አሳይቷል። አጎቴም አሁን በግራ እንዳይጎርሱ እትዬ ይጠብቋቸዋል። እንጀራ መቁረስና ወጥ መጠቅለል ከሁሉ የበለጠ የጣት ስፖርት መሆኑን ያወቅሁት በእሳቸው ነው። በ2021 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ደረት ሥር ተቀብሮ አንገት ላይ ያለውን ነርቭ በልምምድ ጊዜ የሚቀሰቅስ መሣሪያ ተፈቅዷል፤ የተሞከረው ስትሮክ ከመታቸው ወራትና ዓመታት ባለፋቸው ሰዎች ላይ ነው። «ስድስት ወር ካለፈው አበቃ» የሚባለው ነገር ጊዜው አልፎበታል።

አገር ቤት ላሉት

እዚህ ላይ የብዙዎቻችሁን ጥያቄ እሰማዋለሁ። «አንተ አሜሪካ ስላለው ታወራለህ፤ አባቴ ያለው ወሎ ነው።» እውነት ነው። የእኔም እናት ደብረ ብርሃን ናት። ሲቲ ስካን በአብዛኛው ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው ያለው፤ የሚያሟሟው መርፌ በአብዛኛው ሆስፒታል አይገኝም፤ የቱቦው ሕክምና ለአብዛኛው ሰው የማይታሰብ ነው። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ደግሞ በደም መፍሰስ የሚመጣው ስትሮክ ድርሻው ከምዕራቡ ከፍ ያለ ነው። ለእሱ መርፌውም ቱቦውም አይሆንም።

ሁሉም እድገት ግን ውድ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ በ2011 የወጣ ጥናት ነርሶች ሦስት ነገር ብቻ በጥብቅ እንዲከታተሉ አደረገ፤ ትኩሳት፣ ስኳርና መዋጥ መቻል። በሦስት ወር የሞቱት ወይም ጉዳት የቀረባቸው ከ100 ሰው 58 የነበሩት ወደ 42 ወረዱ። ቴርሞሜትር፣ የስኳር መለኪያና አንድ ማንኪያ ውሃ ነው። በ2023 ደግሞ፣ አብዛኞቹ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው 10 አገሮች፣ ደም ከፈሰሳቸው ከ7,000 በላይ ሰዎች ጋር የተደረገ ጥናት፣ ግፊትን በፍጥነት ማውረድን ከስኳር፣ ከትኩሳትና ከደም ማቅጠኛ ቁጥጥር ጋር አንድ ላይ ማድረግ ሞትንና ጉዳትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። በሙያ ማኅበር፣ በቀድሞ ተማሪዎች ቡድን ወይም በዕድር ለአንድ ሆስፒታል እርዳታ የምታሰባስቡ ካላችሁ፣ ጠጋኝ የሌለው ትልቅ ማሽን ከመላካችሁ በፊት ይህን አስቡ። ነርሶችን ማሠልጠን ከኮንቴይነር ይቀላል።

ከሁሉም በላይ ግን ግፊት አለ። በ2016 የወጣ፣ 32 አገሮችን ያካተተ ጥናት፣ ከስትሮክ 90 በመቶ ያህሉ ሊለወጡ ከሚችሉ 10 ምክንያቶች ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የሁሉም አውራ የደም ግፊት ነው። ግፊት ደግሞ አያምም። «ተሽሎኛል» ተብሎ ክኒኑ ይቆማል፤ ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት ይተካዋል፤ ቡናው ላይ ጨው ይጨመራል። ከዚያ አንድ ጠዋት እዚህ ያለነው ስልክ ይደወልልናል።

ለወላጆቻችን ሻንጣ ስንሞላ ጫማ እናስገባለን፣ ቫይታሚን እናስገባለን፣ ሽቶ እናስገባለን። ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ ስንቶቻችን አስገብተናል? ከአንድ ጫማ ዋጋ አይበልጥም። መድኃኒቱን ከዚህ አትላኩ፤ ሲያልቅ ይቋረጣል፣ ስሙም ይለያያል። እዚያው ሐኪሟ ያዘዘችውን ለስድስት ወር የሚሆን ገንዘብ ለይታችሁ ላኩና መገዛቱን ጠይቁ።

እኔ ከአጎቴ በኋላ ለእናቴ መለኪያውን ላክሁ። የጎረቤት ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ እሑድ እሑድ ይለካላታል። ድሮ ስደውል «ደህና ነሽ?» እላታለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትለኛለች፤ በዚህ አልቆ ነበር። እናቶቻችን ደህና ያልሆኑበት ቀን በስልክ የለም። አሁን ግን የመጀመሪያው ጥያቄዬ ሌላ ነው።

«እማዬ፣ ዛሬ ስንት አለ?»

ባለፈው ሳምንት «168» አለችኝ። ክኒኑን ከትናንት ወዲያ ጀምራ ትታው ነበር፤ ጾም ስለሆነ ጠዋት መዋጥ ከብዷት። ማታ ከጾም መግደፊያው በኋላ እንድትወስደው ሐኪሟን አስጠየቅን፤ ተፈቀደላት። ትናንት 142 ነው። ገና ነው፤ ግን እየወረደ ነው።

ዛሬ ማታ ለእናንተም ወላጅ መደወያ ሰዓት ካለ፣ ቁጥሩን ጠይቁ።